ተሾመች የመረጠቻት ከረሜላ

ተሾመች የምድጃውን አመድ በባልዲ ይዛ ልትደፋ ስትወጣ ነው የሰማችው። የሳሎኑ መስኮት አንደኛው መስታወት ሰኔ ላይ ተሰብሮ በካርቶን ስለተደፈነ፣ ውስጥ የሚወራው ሁሉ ደጅ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። በፍቃዱና ሚስቱ ኤሌኒ ሻያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ስለ ከረሜላዋ ማንም ቢጠይቅሽ ተሾመች ራሷ ቀምሳ የመረጠቻት ናት በዪ» አለ በፍቃዱ። «በዚህ ሰፈር ተሾመችን የማያምን ማን አለ? ተሾመች ቀመሰችው ከተባለ የጾም ነው ማለት ነው፤ አለቀ።»

«ሰዒድ ወተት አለው አላለህም እንዴ?» አለች ኤሌኒ።

«ብሎኛል። ታዲያ እሷ ምን አወቀች? ጣፈጠኝ ብላ ደግማ አይደል የወሰደችው።»

ኤሌኒ ሳቀች። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ትንሽ ልጁ የሠራውን ነገር ሲነግሩት እንደሚስቀው ያለ አጭር ሳቅ ነው። ተሾመችን የቆረጣት ግን እሱው ሳቅ ነው። ባልዲውን እንደያዘች ከመስኮቱ ሥር ቆማ ቀረች። ከሌሊት ጀምሮ የሚያንጠባጥበው ካፊያ አመዱን ጭቃ አደረገው፤ እሷ ግን አላየችውም። ሌላ ሰው ቢሆን ባልዲውን ከነአመዱ በዚያው በተደፈነው መስኮት ይወረውረው ነበር። ተሾመች ሄዳ ቆሻሻ መጣያው ላይ ደፋችና ባልዲውን አጥባ አስቀመጠችው።

በፍቃዱ ከመሥሪያ ቤቱ ከተቀነሰ ወዲህ ያልሞከረው ንግድ የለም። ዘንድሮ ደግሞ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ ዕቃውን ሲሸጥ፣ ስድስት የከረሜላ ማሽን ጭኖ መጣ። ቀይ የብረት እግር አላቸው፤ ከላያቸው እንደ እንስራ ሆድ የተነፋ መስታወት፣ ከሥሩ ሳንቲም መክተቻና እጀታ። ሳንቲሙን ከትተው እጀታውን ሲያዞሩት ከታች ባለችው አፍ እፍኝ የማይሞላ ከረሜላ ይንኮሻኮሻል። ሳሪስ ያለ አንድ ብረት ሠራተኛ የመክተቻውን ጉሮሮ ሞርዶ ስሙኒ እንዲቀበል አደረገለት። የቀረው ችግር ከረሜላው ነው። ማሽኑ በወረቀት የተጠቀለለ አይወድም፤ ራቁቱን የሆነና የሚንከባለል ይፈልጋል። ራቁቱን የሆነ ከረሜላ ደግሞ በነሐሴ ርጥበት ያልበውና እርስ በርሱ ተጣብቆ ይቀመጣል፤ እጀታው ቢዞር ቢዞር ጠብ የሚል የለም። ስለዚህ በፍቃዱ መርካቶ ወርዶ ከጅምላ ነጋዴው ከሰዒድ መጋዘን አምስት ዓይነት ናሙና አመጣ። የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ትናንት ጠዋት በትሪ ደርድሮ የሰፈሩን ልጆች ጠራቸው።

አንድም አፉን የከፈተ ልጅ አልነበረም። ፍልሰታ ነው፤ ልጆቹ ሁሉ ቅዳሴ ገብተው ሊቆርቡ ነው፤ ውኃ እንኳ በአፋቸው አልዞረም። ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ትሪውን ብቻ ያያሉ። አንዷ እንዲያውም ሽታው እንዳይገባባት አፍንጫዋን ያዘች። በፍቃዱ ሳቀም ተናደደም፤ «እናንተ ናችሁ እንግዲህ ገበያተኞቼ» ብሎ አባረራቸው። ማታ፣ ተሾመች የቀኑን ጾም ጨርሳ እህል ከቀመሰች በኋላ፣ ወደ ሳሎን ጠራትና ሶፋው ላይ አስቀመጣት። በዚህ ቤት ስትኖር ሶፋው ላይ ተቀመጪ ስትባል የመጀመሪያዋ ነው። እሷም ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

«የጾም ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

«ሁሉም የጾም ናቸው፤ ስኳር አይደል እንዴ» አላት።

ናናው ምላሷን አቃጠላት። ማስቲካው ከቤተ ክርስቲያን ለሚወጣ ልጅ አይሆንም አለች። በስኳር የተለበጠው ኦቾሎኒ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ብርቱካን ብርቱካን የሚለው ጥሩ ነበር፣ ግን ትሪው ላይ እንኳ ተጣብቆ በማንኪያ ነው የተነሳው። የመጨረሻዋ ባቄላ የምታህል፣ ግማሿ ነጭ ግማሿ ጽጌረዳ መልክ፣ ላይዋ ደረቅ ያለ ነበረች። አፏ ውስጥ ስትሟሟ የሆነ ልብ የሚያሳርፍ ነገር ነበራት። ተሾመች ሳታስበው እጇን ዘርግታ ሁለተኛ አነሳች። «ይቺ ትሻላለች» አለች። በፍቃዱ ደስ ብሎት ጭኑን መታ። ለካስ ከነሐሴ መባቻ ጀምሮ የራቀችው ወተት ኖሯል እንዲያ ያባበላት።

እንግዲህ ተሾመች ለበፍቃዱ ዘመድ ናት። አያቷና አያቱ ወንድማማቾች ናቸው። እንግዳ ሲመጣ «ዘመዳችን ናት» ይሏታል፤ ውሸትም አይደለም። ዘመድ ስለሆነች ደመወዝ የላትም። ዘመድ ስለሆነች እሑድና በዓል የላትም። ዘመድ ስለሆነች ከኩሽናው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ከከሰሉ ጆንያ ጋር ትተኛለች፤ ሠራተኛ ብትሆን ኖሮ አልተኛም ብላ መሄድ ትችል ነበር። በዕድሜ የምትበልጠውን በፍቃዱን «ጋሼ» እያለች በአንቱታ ትጠራዋለች፤ ልጇ ልትሆን የምትችለውን ኤሌኒን «እትዬ» ትላለች። ማንም እንዲህ በዪ አላላትም፤ ብቻ እንደዚያ ሆነ። በዚያ ቤት ውስጥ የራሷ የሆነ ነገር ቢኖር ጾሟ ነው። የምትበላውን ሌላው ሰው ይወስናል፤ የማትበላውን ግን እሷ ትወስናለች። ሰፈሩም ያውቅላታል። የሀና ማርያም ሴቶች ገበያ ሲሄዱ ቁልፋቸውን እሷ ዘንድ ያስቀምጣሉ፤ ልጆቻቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚልኩት «እትዬ ተሾመች ካለች» ብለው ነው። በፍቃዱ ይህን ሁሉ ዓመት ልብ ያለው አይመስልም ነበር። ለካስ ልብ ብሎታል፤ የሚጠቀምበት ቀን እስኪመጣ ነው።

ኩሽና ገብታ ሽንኩርት ስትልጥ ነው ሁለተኛው ነገር ብልጭ ያለላት፤ ቢላዋውን አስቀመጠች። ትናንት ማታ ከእሷ በቀር የቀመሰ ሰው አልነበረም። በፍቃዱ «እኔን ሐኪም ስኳር ከልክሎኛል» አለ። ይኸው ዛሬ ጠዋት ራሷ ባቀረበችለት ሻይ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ጨምሮበታል። ኤሌኒ ጥርሴን ያመኛል አለች። ትንሿ ልጃቸው ሄርሜላ ወደ ትሪው ስትንጠራራ ደግሞ «ነይ ተኚ፣ መሽቷል» ብላ እጇን ይዛ ወሰደቻት፤ ገና ራት እንኳ አልቀረበም ነበር። ያኔ ምንም አልመሰላትም። አሁን ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ሦስቱም የራሳቸውን ጾም ጠብቀዋል። የእሷን ነው ያስፈቷት። ፈጣሪን የማይፈሩ ቢሆኑ እሺ ይሁን፤ ይፈራሉ እኮ። ለራሳቸው ይፈራሉ፤ ተሾመች ዘንድ ሲደርስ ግን ፈጣሪም የማያይ መስሏቸዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ምን ይሉታል? ሽንኩርቱን እንዳለ ትታ ተነሳች።

ኮሪደሩ ላይ በፍቃዱ ጎህ ሲቀድ ከሰዒድ መጋዘን ጭኖ ያመጣው ስድስት ካርቶን ተደርድሯል። ሲያወርዳቸው ልብ ብላ አላየቻቸውም ነበር፤ አሁን አንዱን ከግድግዳው አላቅቃ አዞረችው። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፤ ማንበብ አትችልም። ላሟን ለማወቅ ግን ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ጥቁርና ነጭ፣ አንገቷ ላይ ቃጭል ያሰረች፣ ደንበኛ ላም ናት፤ አጠገቧ ብርጭቆ ሙሉ ወተት ተስሏል። ሌሎቹንም ገለጥ እያደረገች አየቻቸው። የሁሉም ላም ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። አንድ ሰው ጊዜ ወስዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ በአንድ አዙሯቸዋል። ካርቶኑን እንደነበረ መለሰችና ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ከቅዳሴ በፊት ነው ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ እንግዳ የሄደችው። አባ ከዛፉ ሥር ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል፤ ዙሪያቸውን ነጭ የለበሱ ሕፃናት እንደ ጫጩት ይርመሰመሳሉ። ተሾመች ጉልበታቸውን ሳመችና ነገሩን በሹክሹክታ ነገረቻቸው። የበፍቃዱን ስም አልጠራችም፤ «ሰው የጾም ነው ብሎ ወተት ያለበት ከረሜላ አቀመሰኝ» ነው ያለችው። አባ እንግዳ ብዙም አልተገረሙም። ብዙ የሰሙ ሰው ናቸው።

«ሳታውቂ ነው፤ ስግደት ጨምሪበትና ጾምሽን ቀጥዪ» አሏት። ልትሄድ ስትል ግን መስቀላቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው መለሷት። «እስከ ዛሬ አታውቂም ነበር። ካሁን ወዲያ ግን የምታውቂ ነሽ፤ እሱን አትርሺ።»

ይህቺ ቃል ናት መንገዱን ሙሉ የተከተለቻት። ምክንያቱም ከቅዳሴው መውጫ በፊት ማሽኑ አጠገብ እንድትገኝ በፍቃዱ ከትናንት ጀምሮ አዟታል። የመጀመሪያው ማሽን የተተከለው ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች በሚወርደው መንገድ፣ ምትኩ የሚባል ባለሱቅ ዘንድ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ነው። እውነት ለመናገር ያምራል። ነጭና ጽጌረዳ መልክ ከረሜላው መስታወቱን ሞልቶ፣ በዚያ ጭቃና ዳመና መሃል በዓል መስሏል። በፍቃዱ ቮልስዋገኑን አቁሞ፣ እሱም ነጠላ ጣል አድርጎ መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላል። መጨመሪያ አንድ ካርቶን ከሱቁ ግድግዳ አስጠግቶ አስቀምጧል። ላሟ እዚህም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች ተሾመች።

«ፈጠን በዪ፣ ሳሪስ ሰው ይጠብቀኛል።»

«ከረሜላዋ ወተት አላት ይባላል።»

ጨርቁ መስታወቱ ላይ ቆመ። «ማን አለሽ?»

ጠዋት የሰማችውን ልትነግረው አፏ ድረስ መጣ፤ ከመስኮት ሥር ቆማ ስታዳምጥ የተገኘች እንዳይመስል ዋጠችው። «ካርቶኑ ላይ ላም አለች» አለች።

«ክብሪትም ላይ አንበሳ ይሳላል፤ ውስጡ አንበሳ አለ?» ብሎ ሳቀና ምትኩ ሰምቶለት እንደሆነ ዘወር ብሎ አየ። ምትኩ ዕቃ ይለካ ነበር። በፍቃዱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቢኖርስ ጠብታ ናት። የልጅ ጾም ደግሞ ምን ጾም ነው። እነዚያ ሌሎቹ በዚህ ዝናብ ይጣበቃሉ፤ ራስሽ አይተሻል። ሰሞኑን እንደሆነ ልጁ ሁሉ በዚህ መንገድ ነው የሚወርደው፤ ጾሙ ሲፈታ ሌላ ዓይነት እንጨምራለን። አንቺን ዋሺ አላልኩሽም። ዝም ብለሽ እዚህ ቁሚ፤ ሰው አንቺን አይቶ ይበቃዋል።» የማሽኑን ቁልፍ እጇ ላይ አስቀመጠ። መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጨመረበት። «ኤሌኒ ያቺን ክፍል ለዕቃ ማስቀመጫ ልቀቅልኝ ብላ ስትነዘንዘኝ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ፣ ተሾመች። ዘመድ ናት ብዬ ነው።»

መኪናው ጭቃውን እየረጨ ወረደ። ተሾመች ቁልፉን ጨብጣ ማሽኑ አጠገብ ቆመች። ከዚያች ክፍል ብትወጣ የምትሄድበት የላትም፤ አገር ቤት ያሉት ወንድሞቿ ካለቁ ቆይተዋል፣ መሬቱንም ሌላ ሰው ያርሰዋል። በፍቃዱም ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅ ነው ድምፁን ከፍ ማድረግ ያላስፈለገው። ዝም ብለሽ ቁሚ። ቀላል ነገር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ብላ ቆማለች፤ ዛሬ አዲስ አይሆንባትም። ብትሄድስ? ቁልፉን ለምትኩ ሰጥታ ብትሄድ ማሽኑ እዚሁ ነው፤ «እትዬ ተሾመች ቀምሳዋለች» የሚለው ወሬም እዚሁ ነው። ብትቆምም ዕዳው የእሷ ነው፣ ብትሄድም የእሷ ነው። በገዛ ስሟ እጅና እግሯን አስረዋታል። ሱቅ ውስጥ ምትኩ ሬድዮ ከፈተ።

ቅዳሴው ሲወጣ መጀመሪያ የመጡት እንደ ሁልጊዜው ልጆች ናቸው። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተሸፋፍነው፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ቁልቁለቱን እየተንደረደሩ ይወርዳሉ። ቆርቦ የወጣ ሰው አፉን ይሸፍናል፤ ምራቁንም ሆነ አንዴ አፉ የገባውን አይተፋም። ይህን በዚያ ሰፈር ያልተነገረው ልጅ የለም። ከሁሉ ፊት የጸሐይወርቅ ልጅ ኢያቄም ነበር። ጸሐይወርቅ ከበፍቃዱ ቤት ሁለት በር ወረድ ብላ የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት፤ ልጇ ትናንትና በትሪው ፊት ከንፈራቸውን ከገጠሙት አንዱ ነበር። ተሾመችን ሲያይ ዓይኑ ሳቀ። ከጨበጠው መዳፉ ስሙኒውን አውጥቶ ከተተና፣ እጀታውን በሁለት እጁ አዞረው። ከረሜላው ተንኮሻኩሾ ወረደ። ሌሎቹ ልጆች ከበቡት። ኢያቄም መዳፉን ሞልቶ በሌላው እጁ ነጠላውን ከአፉ ገለጥ አደረገ።

ተሾመች ያኔ ምን እንዳሰበች ኋላ ስትጠየቅ አታውቅም። እጇ ነው የቀደማት። የልጁን የእጅ አንጓ ከአፉ ሥር ያዘችው፤ አጥብቃ ስለያዘችው ከረሜላው ግማሹ ጭቃው ላይ ተበተነ። ልጁ ደነገጠ፤ ጭቃው ላይ የወደቀውን አየ።

«የራሴ ስሙኒ ነው እኮ፣ እትዬ ተሾመች» አለ። «እናቴ ናት የሰጠችኝ።»

እናቱ ደረሰች። ከኋላዋ ሌሎቹም ሴቶች፣ አንዳንዶቹ ሕፃን አዝለው፣ አንዳንዶቹ የንፍሮ ሳህን ይዘው ደረሱ። ጸሐይወርቅ መጀመሪያ ልጇን አየች፣ ቀጥላ ተሾመች የያዘችውን አንጓ አየች።

«ምን አጠፋ?» አለች። «ከረሜላው የጾም አይደለም እንዴ? ኤሌኒ እኮ ጠዋት በራችን ላይ ቆማ አንቺ ራስሽ ቀምሰሽ የመረጥሽው ነው ብላኛለች። እኔም እሱን ብዬ ነው ስሙኒ የሰጠሁት።»

ሁሉም ሴቶች ተሾመችን ያያሉ። የሚያዩዋት በጥርጣሬ አይደለም፤ እሱ ነው የከፋው። እሺ እንድትል፣ አዎ የጾም ነው እንድትልና ልጆቻቸውን ይዘው እንዲሄዱ ነው የሚጠብቁት። አዎ ብትል ማንም ሁለተኛ አይጠይቃትም። ቁልፉ መዳፏን ወጋት። ክፍሏ ታየቻት፤ ከሰሉ ጆንያ፣ በምስማር የተሰቀለው ቀሚሷ፣ ስትተኛ ሁሌ ራሷን የሚነካው የግድግዳው ቅዝቃዜ። ሌላ የሚታያት ነገር ደግሞ ነበር፤ ትናንት ማታ ሁለተኛዋን ከረሜላ ልታነሳ ስትዘረጋ በፍቃዱና ኤሌኒ የተያዩት መተያየት። ያኔ ደስ ብሏቸው ነበር የመሰላት።

የኢያቄምን እጅ ለቀቀችና ጎንበስ ብላ ካርቶኑን ከግድግዳው አላቀቀች። ላሟን ወደ ሴቶቹ አዞረቻት።

«ቀምሻለሁ» አለች። «የመረጥኩትም እኔ ነኝ፣ ኤሌኒ አልዋሸችም። የጾም ነው ብለው አቀመሱኝ፤ ጣፈጠኝ፤ ደግሜም ወስጃለሁ። ወተት አለው። እያወቁ ነው ያቀመሱኝ። እኔ አንዴ ፈትቻለሁ፤ የእናንተ ልጆች ግን በእኔ ስም አይፈቱም። ማንም ልጅ አፉ እንዳያስገባው።»

አንዲት አሮጊት በስመ አብ አሉ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ልጆቻቸውን እያቀረቡ መዳፋቸውን ገልጠው አዩ፤ ከረሜላው ማንም አፍ አልገባም ነበር፤ ማሽኑን ያዞረ ኢያቄም ብቻ ነው። ጸሐይወርቅ ተጠግታ የተሾመችን ክንድ ያዘች። «አንቺን?» አለች፣ ቀስ ብላ። «አንቺን አስፈቱሽ?» እስከዚያች ቃል ድረስ የተሾመች ዓይን ደረቅ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ማሽኑን በቁልፉ ከፍታ የኢያቄምን ስሙኒ አወጣችና መለሰችለት። ከመዳፉ የቀረችውን አንዷን ከረሜላ ተቀብላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች።

በፍቃዱ ሲመለስ ማሽኑ እንደሞላ ነው፣ ላሟ መንገዱን ታያለች፤ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ከተሾመችና ከምትኩ በቀር ሰው አልነበረም። ምትኩ ሳይጠየቅ የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ማሽንህን አንሳልኝ፣ ደንበኞቼ ናቸው፣ አለውም። በፍቃዱ አልጮኸም። መንገድ ላይ የሚጮህ ሰው አይደለም። ማሽኑንና ካርቶኑን ጭኖ ለተሾመች የኋላውን በር ከፈተላትና ወደ ቤት ነዳ። ከጸሐይወርቅ በር ሲያልፉ ሁለት ሦስት ሴቶች ቆመዋል። በፍቃዱ በእጁ ሰላም አላቸው። አልመለሱለትም። ያን ጊዜ አንገቱ ከኋላ ቀልቶ ተሾመች አየችው።

ራት ደረሰ። ተሾመች የሱፍ ፍትፍቱን አቀረበች፣ እጅ አስታጠበች፣ እንደ ሁልጊዜው ወደ በሩ ሸሸት ብላ ቆመች። ኤሌኒ ሳህኗን ብቻ ታያለች። ሄርሜላ እግሯን እያወዛወዘች አንዴ እናቷን አንዴ አባቷን ታያለች፤ ልጅ መቼም የሆነ ነገር እንዳለ ይገባዋል። በፍቃዱ ሦስት ጊዜ ጎረሰና አቆመ።

«ስድስት ካርቶን ዕቃ ቆሞ ቀረ» አለ፣ ወደ እሷ ሳያይ። «እሱስ ይቅር። በሰው ፊት ነው ያዋረድሽኝ። ለእኔ መንገር ስትችዪ። ዘመድ መስለሽኝ ነበር።»

«ነግሬህ ነበር» አለች ተሾመች።

ሁለቱም ቀና አሉ። አንተ ብላዋለች። እሷም ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው፤ ልትመልሰው ግን አልፈለገችም። ወደ ማዕዱ ቀረበች፤ የነጠላዋን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችና ከረሜላዋን ከበፍቃዱ ሳህን አጠገብ አስቀመጠቻት። ግማሿ ነጭ፣ ግማሿ ጽጌረዳ መልክ። ጭቃ አልነካትም ነበር።

«ጠብታ ናት ብለኸኛል» አለች። «ቅመሳት፣ በፍቃዱ።»

በፍቃዱ ከረሜላዋን አየ። እጁ እንጀራው ላይ ነበር፤ ከዚያ አልተነሳም። ማንም ሳያስብ ሄርሜላ ከወንበሯ ተንጠራርታ ከረሜላዋን በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ አፏ ወሰደቻት። የኤሌኒ እጅ ከየት መጣ ሳይባል የልጅቷን እጅ መታው፤ ከረሜላዋ ማዕዱ ላይ ተንከባለለች።

«ተይ፤ ጾም ነው» አለቻት።

ከዚያ ኤሌኒ ራሷ የተናገረችውን ሰማች። ባሏ ዓይኑን ከሳህኑ አላነሳም። ሄርሜላ ለቅሶ ጀመረች።

ተሾመች ከረሜላዋን አነሳችና መልሳ ቋጠረቻት። «ኢያቄምም የሰው ልጅ ነው፣ ኤሌኒ» አለች። «እኔም እንደዚሁ ነኝ።»

ኩሽና ገብታ ምድጃው ላይ የተጣደውን ውኃ አወረደች፤ ጥላው ብትሄድ ይገነፍላል። ከከሰሉ ጆንያ ጎን ብርድ ልብሷን ጠቀለለች፣ ቀሚሷን ከምስማሩ አወረደች፣ ሌላ የሚያዝ ነገር እንዳለ ዙሪያውን አየች። አልነበረም። በኮሪደሩ ስታልፍ ካርቶኖቹን ከግድግዳው እያላቀቀች ላሞቹን ሁሉ ወደ ሳሎኑ አዞረቻቸውና በሩን ዘግታ ወደ ጸሐይወርቅ ቤት ወረደች።